የዘገየ ቁጥር፦ በምዕራብ ጎጃም የኤች አይ ቪ ሕክምና የላቦራቶሪ አመላካቾች ማንን፣ መቼ ያስጠነቅቃሉ?

የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የቫይረስ መጠን መለኪያ ላቦራቶሪ የሚገኘው በባሕር ዳር ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደዚያ የሚጓዝ የደም ናሙና በቡሬ፣ በቲሊሊ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመርዓዊ ያልፋል፤ ጉዞው ከ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ናሙናው ከመነሣቱ በፊት ፕላዝማው ተለይቶ በቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከደረሰ በኋላ ይመዘገባል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ይመረመራል፤ ከዚያም ውጤቱ ወደ መጣበት ጤና ተቋም ይመለሳል፣ በታካሚው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሚመለሰው ቁጥር የሚናገረው ግን ታካሚው ደም በሰጠበት ቀን ስለነበረበት ሁኔታ ነው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ቁጥሩን በሚያነቡበት ቀን ታካሚው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይናገርም።

በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎችን የበሽታ ጉዞ ስለሚተነብዩ የላቦራቶሪ አመላካቾች በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የማስተርስ ጥናቶች ይሠራሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠይቁት የትኛው አመላካች ከሞት ወይም ከሕክምና መክሸፍ ጋር የጠነከረ ዝምድና አለው የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። አንድ አመላካች ጥሩ መሆኑ በስታቲስቲክስ ኃይሉ ብቻ ሊመዘን አይገባም። ውጤቱ ውሳኔ ሰጪው እጅ የሚደርስበት ቀንና በዚያው ቀን የሚያስከትለው እርምጃ የብቃቱ አካል ናቸው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች ለሚታከመው የገጠር ሕዝብ የሲዲ4 ቆጠራ ከቦታው መነሣት አልነበረበትም፤ በየመዝገቡ ተጽፈው የሚረሱት ርካሽ ቁጥሮችም ከተሰጣቸው ቦታ የተሻለ ይገባቸዋል።

ጎተራውና ነቀዙ

ኤች አይ ቪ በዋነኛነት የሚያጠቃው የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት የሚያስተባብሩትን ሲዲ4 የተሰኙ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለካት ይቻላል፤ የቀሩትን ሕዋሳትና በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን። ልዩነቱን ለገበሬ ማስረዳት ቢያስፈልግ ጎተራና ነቀዝ ይበቃሉ። ሲዲ4 በጎተራው የቀረው እህል ነው፤ የቫይረስ መጠን የነቀዙ ብዛት ነው። መድኃኒት የነቀዙን ጉዳት ያስቆማል፤ እህሉ ግን በአንድ ጀምበር አይሞላም። ነቀዙን ብቻ የቆጠረ ሰው እህሉ እየተበላ መሆኑንና አለመሆኑን ያውቃል፤ ቤተሰቡ ክረምቱን ይሻገር እንደሆነ ግን አያውቅም።

የዘርፉ ምርምር ይህንኑ አሳይቷል። ሜለርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ሕክምና ያልጀመሩ ሰዎች በሽታ ምን ያህል እንደሚፈጥን በመተንበይ ረገድ ከነጠላ አመላካቾች የቫይረስ መጠን ቀዳሚ መሆኑን፣ ከሲዲ4 ጋር ሲጣመር ደግሞ ትንበያው ይበልጥ እንደሚጠራ አመልክቷል። ሕክምና ሲጀመር ግን ሚዛኑ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ13 የክትትል ጥናቶች የተውጣጡ 12,574 ታካሚዎችን ያካተተው የኤገርና የባልደረቦቹ ትንተና፣ ሕክምና በሚጀመርበት ጊዜ የነበረው የሲዲ4 ቁጥር ከሁሉ የላቀ የትንበያ ኃይል እንዳለው አገኘ፤ የመነሻው የቫይረስ መጠን ክብደት የነበረው ከ100,000 ቅጂ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ይኸው የጥናት ቡድን በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሥራ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚለኩት የሁለቱ አመላካቾች ቁጥሮች ከመነሻዎቹ ይልቅ ወሳኝ እንደሚሆኑ አሳይቷል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አመላካቾቹ እንደ ተፎካካሪ መታየት እንደሌለባቸው ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወቅት አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዋናው ጥያቄ ‘ይህ ሰው በሕይወት ይቆያል ወይ?’ የሚል ነው፤ መልሱ ያለው በጎተራው ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ‘መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ?’ የሚል ነው፤ ይህን የሚመልሰው የነቀዙ ቆጠራ ነው።

ሥራ ያጣው ቆጠራ

በኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሕክምናውን ማን እንደሚጀምር የሚወስነው በአብዛኛው የሲዲ4 ቁጥር ነበር። ከ200 በታች የሆነ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የሆነና የሕመም ምልክት የሌለው ይጠብቃል። ወሰኑ በየጊዜው ወደ 350፣ ከዚያም ወደ 500 ከፍ አለ። የስታርት ጥናት 4,685 ሰዎችን አሳትፎ፣ ሳይዘገዩ መጀመር ከባድ ሕመምንና ሞትን በ57 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠየቅ እንዲጀምር መከረ። ኢትዮጵያም ተከተለች። ለክትትል ደግሞ የቫይረስ መጠን ተመራጭ ሆነ።

ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ነበሩ። ስሕተቱ የገባው ከነሱ በተወሰደው ያልተጻፈ መደምደሚያ ነው። ቆጠራው የመነሻ ቀንን የመወሰን ሥራውን ሲያጣ፣ የመተንበይ ዋጋውንም ያጣ ያህል ተቆጠረ። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች እንደታየው የቆጠራ መሣሪያዎችን የማደስና ግብዓታቸውን የማሟላት ትጋት ላላ። ‘ሕክምና ለመጀመር አያስፈልግም’ የሚለው ዐረፍተ ነገር ቀስ በቀስ ‘አያስፈልግም’ ወደሚለው አጠረ።

ውጤቱን ለማየት አንድ ታካሚ ይታሰብ። ከቡሬ ዙሪያ ገጠር ተነሥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። ከስቶ፣ እያሳለ ይመለሳል፤ ተመርምሮ ቫይረሱ ይገኝበታል፤ በዚያው ቀን መድኃኒት ይጀምራል። በአሠራሩ መሠረት የመጀመሪያው የቫይረስ መጠን ምርመራ የሚደረግለት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ዘግይተው ሕክምና በሚጀምሩ ሰዎች ላይ ሞት የሚበረታው ግን በነዚያው የመጀመሪያ ወራት ነው፤ በቲቢ፣ በክሪፕቶኮከስ ሳቢያ በሚመጣ የማጅራት ገትር፣ በከባድ የባክቴሪያ ሕመሞች። ትክክለኛው አመላካች የሚለካበት ቀን ሲደርስ ታካሚው በሕይወት ላይኖር ይችላል። መዝገቡም ‘የቫይረስ መጠን አልተለካም’ ብሎ ይዘጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሲዲ4 ከ200 በታች የሆነን አዋቂ ‘የከፋ ደረጃ ላይ የደረሰ ኤች አይ ቪ’ ካለባቸው ውስጥ መድቦ የተለየ የእንክብካቤ ጥቅል እንዲሰጠው አዟል። በሽንት የሚሠራ የቲቢ ምርመራ፣ የክሪፕቶኮከስ ምርመራ፣ የመከላከያ መድኃኒቶችና ቅርብ ክትትል በጥቅሉ ውስጥ ይገኛሉ። ይህን በር የሚከፍተው ቁልፍ የሲዲ4 ቁጥር ነው። በሕክምና ባለሙያ ዓይን ብቻ የሚደረግ የደረጃ ምደባ አይበቃም፤ ሲዲ4ቸው እጅግ የወረደ ሆኖ በእግራቸው ቆመው፣ ያለ ጎላ ምልክት የሚመጡ ሰዎች ያመልጡታልና። ዛሬ ከጣት በተወሰደ ደም፣ ያለ ትልቅ መሣሪያ፣ በ40 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩ ከ200 በላይ ወይም በታች መሆኑን የሚያሳይ ፈጣን መመርመሪያ አለ። ትክክለኛውን ቁጥር አይነግርም። ሆኖም ታካሚው ገና ከአግዳሚው ወንበር ሳይነሣ ውሳኔ ያሰጣል።

የሲዲ4 ወሰን

ይህ ማለት ግን ወደ አሮጌው የሲዲ4 አመኔታ መመለስ ማለት አይደለም። ቁጥሩ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄዳቸው ጥናቶች ቫይረሱ የሌለባቸው ጤናማ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥር ከሆላንዳውያን ዝቅ ያለ፣ የመከላከል ሥርዓታቸውም ይበልጥ የተቆሰቆሰ መሆኑን አሳየ። ዝቅ ካለ መነሻ የሚወርድ ሰው ፈጥኖ ይታመማል የሚል ሥጋት ነበር። በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የመኮንንና የባልደረቦቹ ሥራ ግን ከመያዝ በፊት የነበረ ዝቅተኛ ቁጥር የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላፋጠነ አመለከተ። ከሌላ አህጉር የተቀዳ ወሰን ያለ ማጣሪያ ሊተረጎም እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ አገራዊ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛው ወሰን የሕክምና መክሸፍን ይመለከታል። የሲዲ4 መቀነስ ቫይረሱ መድኃኒቱን ማሸነፉን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳታል። ቁጥሩ በወባ፣ በቲቢ፣ ደም በተቀዳበት ሰዓትም ጭምር ይዋዥቃል። በዚህ ምክንያት የሚሠራ መድኃኒት የተቀየረባቸው፣ የማይሠራ መድኃኒት የቀጠለላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሲዲ4 በመግቢያ ላይና አቋርጦ በሚመለስ ሰው ላይ ይለካ፤ ለመክሸፍ ምርመራ ግን ቦታውን ለቫይረስ መጠን ይልቀቅ።

በመዝገብ የተረሱ ቁጥሮች

በገጠር ጤና ተቋም በርካሽ የሚገኙ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ክብደትና ሄሞግሎቢን። የደም ማነስ በኤች አይ ቪ ሕክምና ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ከሞት ጋር ያለው ዝምድና በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። ሆኖም ይህ ቁጥር በጎጃም መሬት ላይ ሲነበብ ሦስት ጥንቃቄዎችን ይሻል።

አንደኛው ከፍታ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,000 ሜትር ገደማ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሠንጠረዥ ለ2,000 ሜትር ከሚለካው ቁጥር በዴሲ ሊትር 0.8 ግራም እንዲቀነስ ይደነግግ ነበር፤ የ2024ቱ መመሪያ ማስተካከያውን ይበልጥ ከፍ አድርጎታል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰን 12 ግራም ነው። የ12.3 ግራም ውጤት ያላት የቡሬ ነዋሪ በመዝገቡ ላይ ‘ደኅና’ ተብላ ትጻፋለች፤ ሲስተካከል ግን የደም ማነስ አለባት። ማስተካከያውን የዘነጋ ጥናት የአመላካቹን ኃይል አሳንሶ ይዘግባል።

ሁለተኛው አካባቢው ነው። በጃቢ ጠህናን ቆላማ ቀበሌዎች ወባ አለ፤ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች በገጠሩ የተለመዱ ናቸው። ሁለቱም ከኤች አይ ቪ ጋር ሳይገናኙ ሄሞግሎቢንን ያወርዳሉ። ከዚህም አልፎ ወባ የቫይረስ መጠንን ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ወልዳይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ የአንጀት ትላትልን ማከም ከቫይረስ መጠን መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሦስተኛው መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ዚዶቩዲን የደም ማነስን ሊያስከትል ይችላል። እነዚህን ሳይለይ ‘የደም ማነስ ሞትን ይተነብያል’ የሚል መደምደሚያ ለሐኪሙ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። በየቀጠሮው የሚወርድ ክብደትና የሚወርድ ሄሞግሎቢን በአንድነት ሲታዩ ግን፣ የባሕር ዳሩ ውጤት ከመድረሱ በፊት ‘ይህን ሰው ለቲቢ መርምሩ’ የሚል ምልክት ይሰጣሉ። የምልክቱ ጥቅም ታካሚው ወደ ቤቱ ሳይመለስ መታየቱ ነው።

ኢንተርሊውኪን-6 እና ዲ-ዳይመርን የመሰሉ የብግነት አመላካቾች ከሞት ጋር ያላቸው ዝምድና በስማርት ጥናት ተረጋግጧል። ነገር ግን በውጤታቸው መነሻ የሚቀየር ሕክምና በሌለበት፣ ለወረዳ ከተማ ሆስፒታል የምርምር ጉዳይ እንጂ የአገልግሎት ጉዳይ አይደሉም።

የቫይረስ መጠንና መንገዱ

የቫይረስ መጠን ሕክምናው መሥራቱን የሚያሳይ ወደር የሌለው መስተዋት ነው። በሚሊ ሊትር ከ1,000 ቅጂ በላይ ከተገኘ ታካሚው የተጠናከረ የመድኃኒት አወሳሰድ ምክር ይሰጠዋል፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ምርመራው ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ስለመቀየር ይወሰናል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ቀና ነው። ሆኖም ሰንሰለቱ ሁለት የናሙና ጉዞዎችን፣ ሁለት የውጤት ጉዞዎችንና በመካከሉ በርካታ ቀጠሮዎችን ይዟል። እያንዳንዱ ቀለበት ጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ውሳኔው ወራትን ይሻገራል። በነዚያ ወራት ቫይረሱ ይባዛል፤ ወደ ትዳር ጓደኛ ወይም ወደ ሕፃን ሊተላለፍ ይችላል።

የኢትዮጵያ ፖስታ ናሙናዎችን ማጓጓዙ ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን ፖስታም የሚሄደው መንገድ ሲከፈት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ መዘጋትና የኢንተርኔት መቋረጥ የጎጃም ሕዝብ የዕለት ኑሮ አካል ሆነዋል። በአንድ ከተማ ላይ የተንጠለጠለ ምርመራ መንገዱ በተዘጋ ቀን አብሮ ይዘጋል። ቲቢን ለመመርመር በየሆስፒታሉ የገባው የጂንኤክስፐርት መሣሪያ የቫይረስ መጠንንም መለካት ይችላል፤ በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታም ያለ ቅዝቃዜ ሊጓዝ ይችላል። ከትልቁ ላቦራቶሪ ጎን ለጎን እነዚህን ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና ለድጋሚ ምርመራ ማዋል ለመንገድ መዘጋት የተዘጋጀ ሥርዓት ያደርገዋል።

ተቃራኒው ሙግት

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በኡጋንዳና በዚምባብዌ የተካሄደው የዳርት ጥናት ያለ መደበኛ የላቦራቶሪ ክትትል በሕክምና ባለሙያ ምልከታ ብቻ ከታከሙት ሰዎች 87 በመቶው፣ በላቦራቶሪ ከታገዙት ደግሞ 90 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበሩ አሳይቷል። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ በተለይ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካገደ በኋላ፣ ገንዘቡ ለምን በምርመራ ላይ ይውላል? መድኃኒቱ አይቀድምም ወይ?

መድኃኒቱ ይቀድማል። ነገር ግን የዳርት ታካሚዎች በጥናት ሥርዓት ውስጥ በቅርብ የሚጎበኙ፣ ባለሙያ በየጊዜው የሚያያቸው ነበሩ፤ ምልከታው ራሱ ጠንካራ አመላካች ነበር። ለሦስት ወይም ለስድስት ወር የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ወደ ወምበርማ የሚመለስ ገበሬ ያን ዓይነት ዓይን የለውም። በዚያ ላይ ጥናቱ ክትትልን እንጂ በመግቢያ ቀን የሚደረግን ቆጠራ የሚሽር አልነበረም፤ ተሳታፊዎቹ ሲጀምሩ ሲዲ4ቸው ከ200 በታች መሆኑ ታውቆ ነበር። ገንዘብ ሲጠብ መልሱ ምርመራን በጅምላ መተው ሳይሆን፣ በዚያው ቀን እርምጃ የሚያስከትለውን መርጦ ማስቀረት ነው።

ከተመራቂ ጥናቶች የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ ለተመራቂ ተማሪና ለአማካሪው አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ከታካሚ መዝገብ በአንድ ጊዜ ተቀድቶ ‘ዝቅተኛ ሲዲ4፣ የደም ማነስና ቲቢ ከሞት ጋር ዝምድና አላቸው’ የሚል ጥናት አሁን የሚጨምረው ዕውቀት ምንድን ነው? የታወቀን ነገር በሌላ ወረዳ ስም መድገም ብዙም አይጠቅምም።

ሦስት ነገሮች ሊታረሙ ይችላሉ። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ምርመራ ሦስት ቀኖች ይመዝገቡ፤ ናሙናው የተቀዳበት፣ ውጤቱ የተመለሰበትና እርምጃ የተወሰደበት። የአመላካቹ የመተንበይ ኃይል ሦስተኛውን ቀን መነሻ አድርጎ ቢሰላ ከመጀመሪያው ቀን ከተሰላው ምን ያህል እንደሚወርድ ማወቅ ለጤና ቢሮ ከአሥር የዝምድና ሠንጠረዦች ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ‘ከክትትል የጠፋ’ የሚባለው ታካሚ በትንተናው እንደ ደኅና ሰው በጸጥታ አይሸኝ። ከጠፉት መካከል የሞቱ አሉ፤ በስልክም ሆነ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ጥቂቶቹን እንኳ ፈልጎ ሁኔታቸውን ማጣራት ስሌቱን ወደ እውነት ያቀርባል። ሦስተኛ፣ የስድስት ወር የቫይረስ መጠን ያላቸውን ብቻ መርጦ የሚተነትን ጥናት እስከ ስድስት ወር የቆዩትን ብቻ እንደመረጠ ይወቅ። ስለ ሞት ለማወቅ የተነሣ ጥናት የሞቱትን በር ላይ መልሷቸዋል ማለት ነው። መረጃ የጎደላቸው መዝገቦች ‘ያልተሟሉ’ ተብለው ሲወገዱ፣ ብዙ ጊዜ የሚወገዱት ቀድመው የሞቱትና ከሩቅ ገጠር የመጡት ናቸው።

የቫይረስ መጠን ምርመራ የኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ፕሮግራም ካገኛቸው መልካም ነገሮች አንዱ ነው፤ ሊስፋፋ እንጂ ሊነካ አይገባም። ከፍኖተ ሰላም ላቦራቶሪ መስኮት ፊት ለተቀመጠው ታካሚ ግን የሚጠቅመው አመላካች ወደ ቤቱ ሳይመለስ የሚናገርለት ነው። ሲዲ4 በመግቢያና በመመለሻ ቀን፣ ክብደትና ሄሞግሎቢን በየቀጠሮው፣ የቫይረስ መጠን በወቅቱና በቅርብ ቦታ ቢለኩ እያንዳንዱ ቁጥር በሰዓቱ ይደርሳል። ዘግይቶ የደረሰ ትክክለኛ ቁጥር መዝገብን ያሟላ ይሆናል፤ ሰውን አያተርፍም።